እዚያ አናጢ የለም እንዴ?

ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በቪዲዮ ስናወራ ጠረጴዛዬን አየና «ማን ሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ሳቁን ለቀቀው። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ አናጢ ሆንክ? እዚያ አናጢ የለም እንዴ?»

አለ እንጂ! እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄጄ ዋልነት ከሚባል እንጨት የስድስት ሰው ጠረጴዛ እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። ዋጋውን ሲነግረኝ እንደለመድኩት «አይ፣ ግማሹን በል» አልኩ። ሰውዬው አልተቆጣ፣ አልተከራከረ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ወደ ሥራው ዞረ። እንደ ቆምኩ ቀረሁ። የአገሬ አናጢ ቢሆን «ኧረ ተው ወንድሜ፣ የእንጨቱን እንኳ አይሸፍንም» እያለ ሻይ ያዝልኝ ነበር። (ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ «ለሰኞ» እያለ ሦስት ወር ያመላልሰኝ ነበር። እሱም አለ።)

እልህ ያዘኝ። ኦክ የሚባል እንጨት ገዛሁ፤ ከዋልነት ይረክሳል። የሚሸጠው በቦርድ ፉት ነው፦ 12 ኢንች በ12 ኢንች፣ ውፍረቱ 1 ኢንች። ያ 1 ኢንች ግን ሳይላግ ነው። ሲላግ ሦስት ሩብ ግድም ይቀራል፤ የፍቅፋቂውንም ከፍለሃል። እዚሁ ያለ ሌላ ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ወር ለፋሁ። ጣውላዎቹን በኮላ አጋጠምኩ፣ ገበታውን ከእግሮቹ ጋር በብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት።

የገና ሰሞን፣ ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲሠራ፣ ሌሊት ጠመንጃ የተተኮሰ መሰለን። ባለቤቴ «ፖሊስ ጥራ!» አለችኝ። ጠረጴዛው ነው። መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል።

አፍሬ ፎቶውን ይዤ ሽማግሌው ጋ ተመለስኩ። «ብሎኑን አጥብቀኸዋል» አለኝ ገና ሳያየው። ለካ አየሩ ሲደርቅ እንጨት በወርዱ ይሰበሰባል፣ ሲረጥብ ይሰፋል። የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ መተው አለበት። ትምህርቱ በነፃ ነው። የጠረጴዛው ዋጋ ግን ያው ነው።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ዲግሪያችሁን አትጣሉ። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለ እንጨት ቤት ገብታችሁ መላጊያና መሮ ያዙ። አክስቴ ቤት ያለው የጅማ በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ብሎንም ኮላም አያውቅም። እኔን ከነልጆቼ ተሸክሟል፣ ንቅንቅ አላለም።

ስንጥቁን እናቴ በላከችው ጥልፍ ሸፍኜዋለሁ። ትናንት ደወለችና «እስቲ ጨርቁን አንሳውና እጅህን ልየው» አለችኝ። ኔትወርኩ ተቆረጠ አልኳት።