ፕሪንስ በአውራ ጣት

መጋቢት 2017

ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ ዘ ሎስት ክራውን የሚባለው ጌም ለስልክ ሊወጣ ነው። ለአንድሮይድም ለአይፎንም፣ ሚያዝያ 6። ዜናውን ካየሁ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም ብል ማጋነን ይሆናል፣ ግን ዛሬ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ከጠረጴዛው ስር አውራ ጣቴን ሳንቀሳቅስ ራሴን ያዝኩት፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ዝለል፣ እንደዛ።

ቀኑን ካላንደር ላይ ሳየው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሆሳዕና ሚያዝያ 5 ነው፣ ፋሲካ 12፣ ስለዚህ ጌሙ የሚወጣው የሕማማት ሰኞ ነው። ዘንድሮ የፈረንጆቹም ፋሲካ ከኛ ጋ አንድ ቀን ነው የሚውለው፣ ግን ጌም ለሚሸጥ ሰው ሰኞ ያው ሰኞ ነው መቼም። እማዬ በዛ ሳምንት እንኳን ጌም ቲቪም ጮክ ሲል አትወድም፣ እኔ ከስግደት መልስ ጉልበቴን እያሸሁ ሶፋ ላይ ጎራዴ ስመዝ ብታየኝ የምትለኝን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሰኞ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ የሚከፈተው ከፋሲካ በኋላ። እላለሁ። እስኪ እናያለን።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ፣ አሁን ያሉ ልጆች ስሙን ራሱ ላይሰሙት ይችላሉ። የመጀመሪያው ፕሪንስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ ጆርዳን መክነር የሚባል አሜሪካዊ አፕል ቱ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ነው ማለት ይቻላል የሰራው። ታሪኩ ሁለት መስመር አይሞላም፣ ሱልጣኑ ጦር ሜዳ ሄዷል፣ ጃፋር የሚባል ክፉ ቢትወደድ ልዕልቲቱን ዘግቶባት ወይ አግቢኝ ወይ ትሞቻለሽ ብሎ አንድ ሰዓት ሰጥቷታል፣ አንተ ደግሞ ምድር ቤት እስር ቤት ውስጥ ነህ። 60 ደቂቃ አለህ። ብትሞት ደረጃውን ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፣ ሰዓቱ ግን አይመለስም።

እኔ ያወቅኩት አባቴ መስሪያ ቤት ነው። የዛኔ "ኮምፒውተር ክፍል" የሚባል ነበር፣ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው፣ ሊሾው እግር ያቀዘቅዛል፣ ኮምፒውተሮቹ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባቴ እኔንና ወንድሜን ይዞን ይሄድና ምሳ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ፣ እትዬ ነበር የምንላቸው፣ ዳንቴሉን ገልጠው ዶስ ላይ ስሙን ጽፈው ኢንተር ይሉልናል። ወንድሜ አሮውን፣ የአቅጣጫ ቁልፎቹን ማለቴ ነው፣ ይይዛል፣ እኔ ሺፍትን። ቀልዴን አይደለም፣ አንዱን ሰውዬ ለሁለት ነበር የምንጫወተው፣ ሁለታችንም ኪቦርዱን መልቀቅ ስለማንፈልግ።

የሺፍት ስራ ደግሞ ትንሽ ስራ እንዳይመስላችሁ። ሺፍትን ይዘህ አሮውን ስትነካ ልጁ አይሮጥም፣ እግሩን ቀስ አርጎ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚራመደው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጣቱን ጫፉ ላይ አርጎ ይቆማል። ከመሬት እየተመዘዙ የሚወጡ ሹል ብረቶች አሉ፣ በሺፍት ካለፍክ ምንም አትሆንም፣ ሮጠህ ከገባህ ተሰክተህ ትቀራለህ። ዘለህ ጫፍ ለመያዝ ሺፍት፣ ብልቃጥ ለመጠጣት ሺፍት፣ ጎራዴ ለመሰንዘርም ሺፍት። ወንድሜ ሮጦ ይዘልና አየር ላይ እያለ "ያዘው!" ይለኛል፣ ትንሽ ከዘገየሁ ሰውዬው ቁልቁል ይሄዳል፣ ከዛ አንድ ደቂቃ ክርክር፣ በክርክሩ ደግሞ የጌሙ ሰዓት እየሄደ ነው። በዛ ሰፈር ፕሪንስ ሜጋሂት ብሎ ጽፎ ሲከፍት በሺፍት ኤል ደረጃ እንደሚዘለል ያወቀ ልጅ ንጉስ ነበር፣ እኛ ግን ያወቅነው በጣም ቆይተን ነው፣ ስናውቀውም ብዙ አላስደሰተንም።

ኋላ ላይ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ያ ሰውዬ ለምን ክብደት እንዳለው። መክነር ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ እያስሮጠ፣ እያዘለለ፣ ግድግዳ ላይ እያንጠለጠለ ቪዲዮ ቀረጸውና ከዛ ፍሬም በፍሬም ወደ ኮምፒውተሩ አስገባው። ለዛ ነው ሲሮጥ ወዲያው የማይቆመው፣ መዞር ሲፈልግ እግሩን የሚያንሸራትተው። የሌላውን ጌም ጀግና ማሪዮን አየር ላይ ወደ ኋላ ትመልሰዋለህ፣ ፕሪንስ ግን አንዴ ከዘለለ ዘሏል፣ የሰው ሰውነት ነው። ጣትህ ቀድሞ ማሰብ አለበት።

መስታወቱ ደግሞ አለ። አራተኛው ደረጃ ላይ መንገድህን የዘጋ ትልቅ መስታወት ታገኛለህ፣ ተንደርድረህ ዘለህ ስትገባበት ከወዲያ በኩል የራስህ ጥላ ይወጣል፣ ላይፍህ አንድ ብቻ ይቀራል። ከዛ በኋላ ያ ጥላ ጠላትህ ነው። አምስተኛው ላይ ልትጠጣው የሄድከውን ብልቃጥ ቀድሞ ይጠጣብሃል፣ ስድስተኛው ላይ በር ይዘጋብሃል። መጨረሻ አካባቢ ስትገናኙ ጎራዴ ትመዛለህ፣ ስትወጋው የራስህ ላይፍ ይቀንሳል፣ መውጫው ጎራዴህን ወደ አፎቱ መመለስ ነው፣ ያኔ ሮጣችሁ ትዋሃዳላችሁ። እኔና ወንድሜ ይሄን በራሳችን አይደለም ያገኘነው፣ የሂሳብ ክፍል ሰራተኛ የሆኑ ሰውዬ ከኋላችን ቆመው ሻይ እየጠጡ "መልሰው፣ መልሰው ጎራዴውን" አሉን። የሚገርመው ያ ጥላ የተፈጠረው በሜሞሪ እጥረት ነው፣ የልጁ እንቅስቃሴ የኮምፒውተሩን ቦታ ስለጨረሰው ሌላ ገጸ ባህሪ የሚሳልበት ቦታ አልነበረም፣ መክነር የዛኑ የልጁን ምስል መልኩን ቀይሮ ተጠቀመበት።

አሁን ወደ አዲሱ። ሎስት ክራውን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ነው ለኮንሶልና ለፒሲ የወጣው፣ የሰሩት ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ያሉት ዩቢሶፍት የሚባለው የጌም ኩባንያ ልጆች ናቸው። ከብዙ ዓመት የስሪዲ ጌሞች በኋላ ፕሪንስን መልሰው ከጎን ወደሚታየው አስገቡት፣ ለዛ ነው ልቤን የሰረቁኝ። ዋናው ሰውዬ ልዑል አይደለም፣ ሳርጎን የሚባል ወታደር ነው፣ የተጠለፈውን ልዑል ጋሳንን ፍለጋ ጊዜ የተበላሸበት ቃፍ ተራራ ላይ ይወጣል። እንደ ድሮው ደረጃ በደረጃ አይደለም፣ አንድ ሰፊ ካርታ ነው፣ መጀመሪያ ያላለፍክበትን በር አዲስ ችሎታ ስታገኝ ተመልሰህ ታልፈዋለህ። የት እንደነበረ እንዳትረሳ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ካርታው ላይ ትለጥፋለህ፣ ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ፣ የኔ ቢጤ የመኪናውን ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ነው ያሰበው። በፋርሲ ድምጽም ተሰርቷል።

እና ከችሎታዎቹ አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ሳርጎን የራሱን ጥላ የሆነ ቦታ ትቶ ይሄድና ሲፈልግ ብልጭ ብሎ ወደ ጥላው ይመለሳል። ወጥመድ ውስጥ ትገባለህ፣ በሩ ይዘጋል፣ አንተ ግን ውጪ የተውከው ጥላህ ጋ ነህ። ዩቱብ ላይ ይሄን ሳይ ለወንድሜ ወዲያው ላኩለት፣ "ጥላው ታረቀን" አለኝ።

አዎ፣ ዩቱብ ላይ ነው ያየሁት። ሲወጣ 50 ዶላር ነበር፣ ኮንሶል ደግሞ የለኝም፣ ልጅ የሚያስተምር ሰው ኮንሶል አይገዛም ባይባልም ባለቤቴ ፊት የሚባል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሲጫወት እያየሁ ግማሽ ድረስ ሄድኩና አቆምኩት፣ አንድ ቀን ራሴ እጫወተዋለሁ ብዬ። ያ አንድ ቀን በስልክ በኩል ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

የድሮ ጌም ለስልክ ሊወጣ ነው ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ደስ አይለኝም። ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ2016 ስልክ ላይ ሲመጣ በራሱ እየሮጠ ነው የመጣው፣ ያንተ ስራ ስክሪኑን ነካ አርገህ ማዘለል ብቻ ነው፣ ደግሞ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም ነበር። ክራሽ ባንዲኩት በ2021 መጣ፣ እሱም በራሱ የሚሮጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሰርቨሩ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። ክፉ ጌሞች ናቸው አልልም፣ ማሪዮው እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱም ያደረጉት ነገር አንድ ነው፣ መራመዱን ካንተ ወሰዱት። ለኔ ደግሞ ጌሙ መራመዱ ነው። አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ገደሉን ማየት። ያንን ስትነጥቀኝ የቀረው ስሙና ልብሱ ነው።

ይሄኛው ግን ሙሉው ጌም ነው የሚመጣው፣ ኮንሶል ላይ ያለው። አልተቆራረጠም፣ በራሱ አይሮጥም። መጀመሪያውን በነፃ ትሞክራለህ፣ ከወደድከው ገዝተህ ቀሪውን ትከፍታለህ። በተኖቹን በፈለግከው ቦታ ማድረግ ይቻላል ተብሏል፣ ጆይስቲክ ማገናኘትም እንደዛው፣ ለጣት ለሚቸገር ሰው ደግሞ መመከቱን በራሱ የሚያደርግልህ፣ መድኃኒቱን በራሱ የሚጠጣልህ፣ ጊዜውንም ዝግ የሚያደርግ አማራጭ አለ። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ጠረጠርኩ፣ ይሄው ጀመሩ አልኩ። በኋላ ግን አማራጭ መሆኑን አየሁ፣ ካልፈለግክ ታጠፋዋለህ። ሰዎቹ በዚህ ነገር ቀልደኛ አይደሉም፣ ኮንሶሉ ላይ ራሱ በጣም የከበደህን የዝላይ ቦታ የምትሻገርበት መንገድ አርገውለት በ2024ቱ ጌም አዋርድስ ለሁሉም ተጫዋች ምቹ በመሆን ተሸልመዋል። የሚያሳዝነው ሽልማቱ ሳይመጣ ነው ቡድኑ ተበትኖ ወደ ሌላ ሌላ ፕሮጀክት የተመደበው። አሁን ስልኬ ላይ የሚመጣው ጌም ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ዓይነት ነገር ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ተከታይ ይኖረዋል ብዬ ተስፋ አላደርግም፣ ለዛም ይሆናል እንዲህ የጓጓሁለት።

የሚያስፈራኝ መስታወቱ ነው፣ የስልኩ መስታወት ማለቴ ነው። ኪቦርድ ላይ ጣትህ የት እንዳለ ሳታይ ታውቃለህ፣ ሺፍት ጫፍ አለው፣ ስትጫነው ይወርዳል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። ስክሪን ላይ ጣትህ ትንሽ ሸርተት ካለ በተኑን ለቀሃል፣ የለቀቅከው ግን የሚገባህ ሰውዬው ሲወድቅ ነው። ሳርጎን ደግሞ እንደ ድሮው ልጅ አንድ በአንድ አይደለም የሚሄደው፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ አየር ላይ ተወርውሮ፣ መሃል ላይ ጥላውን ትቶ፣ ይሄን ሁሉ በሁለት አውራ ጣት። ጠላት ቢጫ ሲያበራ መመከት አለብህ፣ ቀይ ሲያበራ አይመከትም መሸሽ ነው፣ ዓይኔ ይሄን ለመለየት ጊዜ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፣ ከሚያየውም ግማሹን አውራ ጣቴ ራሱ ሸፍኖታል። ልጄ ስልክ ላይ ስትጫወት ሳያት ግን ጣቶቿ አያርፉም አይሳሳቱም፣ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ፊደል እየፈለገች ነው የምትጽፈው። ምናልባት ችግሩ ከመስታወቱ ሳይሆን ከኔ ትውልድ ጣት ይሆናል። እሷ አሮውን ይዛ እኔ መመከቱን ብይዝስ ብዬ አስቤያለሁ፣ አንድ ስልክ ላይ ሁለት ሰው፣ በግራ እጇ በቀኝ እጄ። ልንጋጭ እንችላለን።

የክፍያው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ብዙ አልጽፍበትም። በብር ከዚህ ሆኖ መክፈል የቻለ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የአክስቴ ልጅ ጊፍት ካርድ እንድትልክልኝ ደወልኩላት፣ ካርዱ የአሜሪካ ከሆነ አካውንቱም የአሜሪካ መሆን አለበት ብላ አስረዳችኝ፣ ከዛ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"ለጌም ነው።"

"ለልጅህ?"

"ለ... አዎ፣ አብረን።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮም አላደግክም ማለት ነው" አለችኝ፣ ግን ትልካለች፣ አውቃታለሁ፣ ልጅ እያለን እሷም እዛ ሊሾ ላይ በካልሲ ቆማ ተራ ትጠብቅ ነበር።

እስከዛ ስልኬ ላይ ቦታ ማስለቀቅ ጀምሬያለሁ። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ነው የጨረሰው፣ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ሁለቴ ወርዷል፣ መልካም በዓል የሚሉ የአበባ ምስሎች ከመስቀል ጀምሮ ተከማችተዋል፣ የሆነ የባዮሎጂ ማጠቃለያ ፒዲኤፍም አለ የማን እንደሆነ እንጃ። አበቦቹን በሙሉ አጥፍቻለሁ። ከሰርጉ አንደኛውን አጥፍቼ ሌላውን ትቼዋለሁ፣ እማዬ "እስኪ ያንን አሳየኝ" ማለቷ ስለማይቀር።