ኬታሚን ከሄደ በኋላ

ስለ ፈጣን ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «በስንት ሰዓት ይሠራል?» ነው። እኔን የሚያመራምረኝ ሌላው ጫፍ ነው። በአነስተኛ መጠን ለድባቴም የሚሰጠው ማደንዘዣ፣ ኬታሚን፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በማግሥቱ ደም ቢቀዳ ርዝራዡ ቢገኝ ነው። ታካሚው ግን ተሻለኝ የሚለው ያኔ ነው። የተለመዱት ፀረ ድባቴ ክኒኖች ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ተቃራኒ ናቸው፤ በየቀኑ ደም ውስጥ እያሉ ለውጡ ሳምንታት ያስጠብቃል። «ሴሮቶኒን (የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካል) አነሰ፣ ጨመርንለት፣ ዳነ» የሚለው ማብራሪያ ለሁለቱም መልስ የለውም።

የኬታሚን ጉዳይ የግሉታሜት፣ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያነቃቃው የአንጎል ኬሚካል፣ ጉዳይ ነው። ግሉታሜት ከሚያርፍባቸው የሕዋስ በሮች አንዱ የሆነው የኤንኤምዲኤ ተቀባይ እንዲከፈት ግሉታሜት ብቻውን አይበቃውም፤ ግላይሲን ወይም ዲ-ሴሪን አብሮ መያዝ አለበት፣ ቀዳዳውን የደፈነው ማግኒዥየምም መነሣት አለበት። ኬታሚን ገብቶ የሚዘጋው የተከፈተውን ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ሕዋስ እኩል አይነካም። ቶሎ ቶሎ የሚሠሩት ገቺ (ሌሎችን ዝም የሚያሰኙ) ሕዋሳት ቀዳዳቸው አዘውትሮ ስለሚከፈት ቀድመው ይያዛሉ የሚለው መላምት ከዚህ ይነሣል። ገቺው ሲያዝ ተገቺው ይለቀቃል፤ ግሉታሜት ለአጭር ጊዜ ይጎርፋል፤ ሌሎቹ የግሉታሜት ተቀባዮች፣ ኤኤምፒኤ የሚባሉት፣ ይነቃሉ፤ የነርቭ ሕዋስን የሚያሳድገው ፕሮቲን ቢዲኤንኤፍ ይለቀቃል፤ ኤምቶር የሚባለው ፕሮቲን አዲስ የሲናፕስ (የነርቭ ሕዋሳት መገናኛ) ፕሮቲን እንዲመረት ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲናፕስ የሚያርፍባቸው እሾህ መሳይ ጉብታዎች በ24 ሰዓት ውስጥ በእንስሳት አንጎል ፊተኛ ክፍል መጨመራቸውን አሳዩ። ኬታሚን እርሾ ነው፤ የምንለካው ግን ሊጡን ነው።

ሥዕሉ ሲያምር ግን መጠርጠር ይሻላል። የመርሳት በሽታ መድኃኒቱ ሜማንቲንም ይህንኑ የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ይዘጋል፤ ድባቴን ግን አላሻለም። ኤምቶርን የሚያግደው ራፓማይሲን በእንስሳት ላይ የኬታሚንን ሥራ ያጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው የሰው ጥናት ግን አስቀድሞ ተሰጥቶ ሥራውን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተሻላቸው መካከል ራፓማይሲን የወሰዱት በዙ። የኦፒዮይድ (ሞርፊን መሰል መድኃኒቶች የሚሠሩበት) ተቀባይን የሚዘጋው ናልትሬክሶን የኬታሚንን ጥቅም እንደቀነሰ የታየበት ትንሽ ጥናትም አለ፤ ይህ ያንን ተቀባይ ወደ ነገሩ ያስገባል። አንድ ተቀባይ፣ አንድ መንገድ የሚል ሰው ካጋጠመኝ ሜማንቲንን ነው የማነሣበት።

በነጭ አይጥ የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ሒሳብ ላይ ነው። የተለመደው መጠን በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚወጋ ነው። በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ከያዘው ብልቃጥ 1 ሚሊሊትር ወስዶ በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) 50 ሚሊሊትር ማድረስ፤ ከዚያ 25 ግራም የምትመዝን አይጥ የምትወስደው 0.25 ሚሊሊትር ይሆናል። ከዱቄት የሚጀምር ደግሞ የጨው ክብደቱን አይርሳ፤ ለ100 ሚሊግራም ኬታሚን የሚያስፈልገው ወደ 115 ሚሊግራም ኬታሚን ሃይድሮክሎራይድ ነው። ይህን የዘለለ 13 በመቶ አሳንሶ ይሰጥና «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይጽፋል።

አይጧ መዋኘት ትታ ዝም የምትልበት ጊዜ በሚለካበት የመዋኛ ፈተና ውኃው 24 ወይም 25 ዲግሪ ይሁን፤ ፈተናው 6 ደቂቃ ነው፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው 4 ደቂቃ። ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ጣራ ላይ ካለ ሮቶ የወረደ ውኃ ከዚህ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትር ሳይነከር የተሠራ ፈተና ድባቴን ሳይሆን የአየሩን ጠባይ ይለካል። ውኃው ከአንዷ አይጥ ወደ ሌላዋ ይቀየር፤ የወጣችው ፎጣ ላይ ትድረቅ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ መርፌውን የሰጠው ወንድ ከሆነ አይጦቹ ለኬታሚን ምላሽ እንደሚሰጡ፣ ሴት ከሆነች ግን እንደማይሰጡ የሚያሳይ ጥናት ወጣ፤ ጠረኑ ይመስላል። እናም በመዝገቡ ላይ የመርፌ ሰጪውም ጾታ ይጻፍ።

ለኤምቶር የሚወሰደው የአንጎል ናሙና ከመርፌው በ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለጉብታዎቹ በ24 ሰዓት። ሁለቱን ከአንድ እንስሳ ለማግኘት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ሕይወቷ ካለፈ በኋላ የኤምቶር መንቃት የሚታወቅበት፣ በፕሮቲኑ ላይ ያለው ፎስፌት በደቂቃዎች ይራገፋል፤ በረዶው፣ መራገፉን የሚያግዱት ሶዲየም ፍሎራይድና ሶዲየም ኦርቶቫናዴት አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ናሙናው ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማቀዝቀዣው ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይገኛል፤ የሆነውን የሚናገረው ውስጡ የተቀመጠው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ፣ የዬሉ የመጀመሪያ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ፤ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ በ40 ደቂቃ፣ በደም ሥር። በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም፣ ኬታሚን ከወሰዱት 17 ሰዎች በማግሥቱ 71 በመቶው ተሻላቸው፤ መሻሻሉ ሳምንት የዘለቀላቸው 35 በመቶ ነበሩ። ከሁለቱ ቁጥሮች ሁለተኛውን ነው ደጋግሜ የማየው።

ብልቃጡ ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣነት በየሆስፒታሉ አለ፤ የሚፈራውም ለዚህ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊግራም ማለት 0.6 ሚሊሊትር ነው። ነጥቡ አንድ ቤት ቢዘል 300 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህ ከማደንዘዣ መጠንም ያልፋል። ስለዚህ 50 ሚሊግራሙን በቅድሚያ በሳላይን 50 ሚሊሊትር ማድረስ ይሻላል። ያኔ ሚሊግራሙና ሚሊሊትሩ እኩል ይሆናሉ፤ የኪሎው ግማሽ የሚሰጠው ሚሊሊትር ነው። በፓምፕ 30 ሚሊሊትር በ40 ደቂቃ ማለት በሰዓት 45 ሚሊሊትር ነው። ይህ ሁሉ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ኦክሲጅንና የደም ግፊት መለኪያ ባለበት ክፍል እንጂ ሌላ ቦታ አይደረግም።

ግፊቱ 40 ደቂቃ አካባቢ ከፍ ይላል፤ ከ140/90 በላይ ሆኖ የመጣ ሰው ቀጠሮው ቢዛወር ይሻላል። እዚህ አገር ጫት መጠየቅ አለበት፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም ግፊት ይጨምራል፤ ጠያቂው ቆጣ ብሎ ከጠየቀ ደግሞ «አልቅምም» ይባላል። የሚያረጋጋውን ዲያዜፓም የሚወስድም ይጠየቅ፤ ይህ ዐይነት መድኃኒት የኬታሚንን ጥቅም ሊያዳክም ይችላል። የሌለ ድምፅ ይሰማኛል የሚል ታካሚ፣ እርጉዝ ሴት፣ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ የሚያውቅ ሰው ከጅምሩ ውጪ ናቸው።

የማይፈታው እንቆቅልሽ የጥናቱ ዕውርነት ነው፤ ታካሚው የተሰጠውን እንዳያውቅ ማድረጉ። ኬታሚን የወሰደ ሰው ሰውነቱ ሲንሳፈፍበት ምን እንደተሰጠው ያውቃል፤ ጨው ውኃ የወሰደውም ያውቃል። በማነጻጸሪያነት ሚዳዞላም፣ የሚያደነዝዝ ማረጋጊያ፣ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ግማሽ መፍትሔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 40 ሰዎች ለቀዶ ጥገና በደነዘዙበት ሰዓት ኬታሚን ወይም ጨው ውኃ ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ወገን ተሻለው፣ ልዩነት አልታየም። ማደንዘዣው ራሱ ሥራውን ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፣ ተስፋውም ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ ተስፋው አደላለሁ፤ ግን ብቻውን ነው አልልም፤ ተስፋ ሜማንቲን የወሰዱትም ነበራቸው።

በአፍንጫ የሚነፋው የኬታሚን ዓይነት፣ ኤስኬታሚን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ሲፈቀድ 2 ሰዓት ክትትል የተጫነበት፣ ባጃጅ የሚነዳም ቢሆን እስከ ማግሥት መሪ እንዳይጨብጥ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ሰው አብሮት የሚያድር ዘመድ ይዞ ይምጣ፣ ከተማው ውስጥ ይደር። የሚውጠው ፀረ ድባቴ ክኒንም አይቋረጥ። ከሁሉም በላይ ቀጠሮው በወሩ አይጻፍ። መሻሻሉ ከአብዛኛው ሰው የሚሸሸው በሳምንቱ ውስጥ ነውና በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ይታይ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ተመልሶ እንደሆነም በቀጥታ፣ በስሙ ይጠየቅ።