አሜሪካ ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆችና ለወላጆቻቸው፦ ግቢውን ስለሚጠብቀው ፖሊስ

ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ልጃቸውን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚሸኙ ቤተሰቦች ስለ ሻንጣው ኪሎ፣ ስለ በርበሬውና ስለ ሽሮው አጥብቀው ይመካከራሉ። ስለ ፖሊስ የሚሰጡት ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፖሊስ ካየህ ራቅ በል።» ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። በታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግስት የክብር ዘበኛ ጦር ስድስት ኪሎ ግቢ ገብቶ ተማሪ ገድሏል። በሚያዝያ 1993 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን የሚል ነበር፤ መጨረሻው የብዙ ሰው ሞት ሆነ። በ2012 ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ሲበረታ ፌደራል ፖሊስ ግቢ ገባ። ይህን ያየ ወላጅ ዩኒፎርም ቢፈራ አይፈረድበትም። የግቢ ጥበቃን ሥራ ከውስጥ የምናውቅ ሰዎች የምንለው ግን ያ ምክር አሜሪካ ላይ ከሚጠቅመው የሚጎዳው እንደሚበልጥ ነው።

ቂሊንጦ የሚገኘውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብታዩ ጥበቃው በሩ ላይ ነው፦ አጥር፣ መታወቂያ፣ ፍተሻ። አብዛኛው የአሜሪካ ኮሌጅ አጥር የለውም፤ የከተማው መንገድ መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ጥበቃው በመኪና፣ በብስክሌትና በእግር ይዞራል። የሚዞሩትም ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ልብሳቸው ስለሚመሳሰል ይምታታሉ። አንደኛው ቃለ መሐላ የፈጸመ እውነተኛ ፖሊስ ነው፤ መሣሪያ ይታጠቃል፣ ያስራል፣ ክስ ያስጀምራል። ሁለተኛው የኮሌጁ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ማሰር አይችልም፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ቁልፍ የጠፋበትን ያስገባል። ሦስተኛው ከኩባንያ በኮንትራት የመጣ ዘበኛ ነው፤ ዶርም በር ላይ ካርድ ያያል። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከከተማው ፈቃድ ያላቸው ልዩ ፖሊሶች አሏቸው፤ የማሰር ሥልጣናቸው በአብዛኛው በግቢው የተወሰነ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች የሚማሩበት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅም ሆነ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸው የፖሊስ መምሪያ አላቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ሁለት ፖሊሶች ወስዶ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እና 2012 በተደረገ የመንግሥት ጥናት 2,500 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ካላቸው የአራት ዓመት ኮሌጆች 68 በመቶው ቃለ መሐላ የፈጸመ ፖሊስ ነበራቸው፤ ከመንግሥት ኮሌጆች 92 በመቶ፣ ከግሎቹ 38 በመቶ። የግል ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ስለዚህ ፖሊሱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሥልጠናው እንዴት ነው? መጀመሪያ እንደማንኛውም ፖሊስ አካዳሚ ይገባል፤ የአገሪቱ አማካይ ከ800 ሰዓት በላይ ነው። ከዚያ ከነባር ፖሊስ ጋር ለወራት ይዞራል። የግቢ ፖሊስን የሚለየው በላዩ የሚጨመረው ነው፦ የጾታ ጥቃት ምርመራ፣ ሰክሮ የወደቀ ተማሪ አያያዝ፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ አእምሮው የታወከን ሰው ማረጋጋት። ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1988 በሜምፊስ ከተማ የተጀመረ የ40 ሰዓት ኮርስ ነው። ችግሩ ሁሉም አለመውሰዱ ነው። ጓደኛው ራሱን ሊያጠፋ ነው ብሎ የሚደውል ተማሪ «የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያለው ፖሊስ ላኩልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጓደኛው መሣሪያ እንዳለው ወይም እንደሌለው መናገሩ ደግሞ የሚመጣው ሰው አገባቡን እንዲያስተካክል ያደርገዋል። ተኩስ ሲነሳም እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ከደረሰው የተኩስ ጥቃት በኋላ አሠራሩ ተለውጧል፤ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ልዩ ኃይል ሳይጠብቅ ይገባል። የቆሰለውን አልፎ ተኳሹን ይፈልጋል። ያኔ እጅ ባዶና ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ስልክ እንኳ አይያዝም፣ ፖሊስ ላይ አይጠመጠሙም።

በመጀመሪያው ሳምንት መሠራት ያለበት ቀላል ነው፤ ብዙዎች ግን ይረሱታል። ከሞባይል ወደ አሜሪካ የአደጋ ጥሪ ቁጥር 911 ሲደወል ጥሪው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለከተማው ወይም ለካውንቲው ነው፤ ወደ ግቢው እስኪተላለፍ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ የግቢውን ፖሊስ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ስልክ ላይ መመዝገብ። ሲደውሉ ቅድሚያ ቦታ መናገር፦ የሕንፃው ስም፣ ፎቅ፣ የክፍል ቁጥር። መስመሩ ቢቋረጥም ቦታው ከታወቀ ይመጣሉ። በግቢው ለአደጋ ጥሪ የቆመ ሰማያዊ መብራት ያለበት ምሰሶ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ብቻውን በቂ ነው፤ መናገር ባይችሉም ከየት እንደሆነ ይታያል። የግቢው የአደጋ መልእክት ደግሞ የሚመጣው በተመዘገበው ስልክ ነው። አዲስ መጪ በመጀመሪያው ወር ሲም ካርድ ይቀይርና ቁጥሩን ሳያስተካክል ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰው ሲገደል ከመጀመሪያው ተኩስ እስከ ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ሁለት ሰዓት ገደማ አልፎ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የፌደራል ሕግ ኮሌጆች ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ አስገደደ። ቁጥሩ የተሳሳተ ተማሪ ግን ይህ ሁሉ አይደርሰውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። እዚህ ትራፊክ ሲያስቆም ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ይወርዳል። እዚያ መውረድ እንደ ጥቃት ሊታይ ይችላል። ቀኝ ዳር ይዞ ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ማብራት፣ መስኮት ማውረድ፣ ሁለት እጅ መሪ ላይ። ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ከሆነ አስቀድሞ ተናግሮ፣ እሺ ሲባል ብቻ ማውጣት። በእግር ሲሆንም እጅ ከኪስ ይወጣል፤ ግን ከተጠሩ በኋላ በድንገት አይደለም። ለአክብሮት አንገት መድፋት የሚደብቁት ነገር ያለ ያስመስላል። ከሁሉ የሚጎዳው የእኛ ይሉኝታ ነው። «ቦርሳህን ልይ?» ሲባል ራስ መነቅነቅ ፈቃድ ሆኖ ይመዘገባል። «አልፈቅድም» ማለት ወንጀል አይደለም፤ በእጅ መከላከል ግን ነው። «መሄድ እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከታሰሩ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ብሎ ዝም። የሐሰት ስም መስጠት ፈጽሞ አይሞከርም። ዶርምን በተመለከተ፣ ፖሊስ ለመፈተሽ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ የዶርሙ ሠራተኛ ግን በፈረሙት ውል መሠረት ሊገባ ይችላል። ውሉን ያነበበ ተማሪ እምብዛም የለም።

የተማሪ ቪዛ ያለው ልጅ ከሌላው የበለጠ የሚያጣው አለው። ሐሺሽ በግዛቱ ቢፈቀድም በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚያየው የፌደራሉን ነው። ጠጥቶ በመንዳት መያዝ ብቻውን፣ ሳይፈረድ እንኳ፣ ቪዛ ሊያሰርዝ ይችላል። ከ21 ዓመት በታች መጠጣትና የሰው መታወቂያ መጠቀምም የግቢ ፖሊስ የሚመዘግበው ነው። ክስ ከመጣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ። የወንጀል ጠበቃው ራሱ የስደት መዘዙን እንዲናገር እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዴታ ጥሎበታል፤ ሳይጠይቁት ዝም የሚል ግን አለ።

የጾታ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ለፖሊስ መናገሯ በእሷ ውሳኔ ነው። የግቢው የምክር አገልግሎት ባለሙያ ምስጢር ይይዛል፤ መምህራን ግን በብዙ ኮሌጆች ለአስተዳደሩ ማሳወቅ አለባቸው። ውሳኔው ቢዘገይም ማስረጃው አይዘግይ፦ አለመታጠብ፣ ልብሱን በወረቀት ከረጢት እንጂ በፌስታል አለማስቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ይዞ ናሙናውን ያበላሻል። ሐኪም ቤት ናሙና የሚወስደው በአብዛኛው እስከ 120 ሰዓት ነው።

ኮሌጅ የሚመርጥ ወላጅ የወንጀል ቁጥሩን ማየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ በተገደለችው ጂን ክሌሪ ስም የሚጠራው የ1990 ሕግ ኮሌጆች በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል። ግን በጥንቃቄ ይነበብ። ተራ ስርቆት፣ ማለትም ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ የተወሰደ ላፕቶፕ፣ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ተማሪዎች ከግል አከራይ የተከራዩት አፓርታማም አይገባም። ትክክለኛው ስዕል ያለው ፖሊሱ በየቀኑ በሚይዘው መዝገብ ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 60 ቀናት ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ናቸው።

ልጅ ስልክ አላነሳ ሲል ከለገጣፎ ሆኖ 911 መደወል አይሠራም። በ800 የሚጀምሩ ነጻ ቁጥሮችም ከውጭ ብዙ ጊዜ አይገቡም። የሚሠራው 001 ብሎ የግቢው ፖሊስ ሙሉ ቁጥር ነው። «ደኅንነቱን አረጋግጡልኝ» ማለት በቂ ነው፤ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈ፣ የልደት ቀኑ በፈረንጆች፣ ዶርሙና ክፍሉ፣ መጨረሻ የተገናኙበት ጊዜ። እዚህ ላይ የሰዓት ስህተት ይበዛል፦ «ማታ 2 ሰዓት አወራን» ሲባል ተቀባዩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በእነሱ ሰዓት ቀይሮ መናገር ይሻላል። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ መጠየቅ ይቻላል። ፖሊሱ በሩን አንኳኩቶ «ደኅና ነው» ይላል፤ የት አምሽቶ እንደነበር ግን አይነግርም፣ ኮሌጅ የገባ ልጅ መረጃው የራሱ ነውና።

«ልጅዎ ታስሯል፣ አሁኑኑ ገንዘብ ይላኩ» የሚል ስልክ ከመጣ ደግሞ ይዘጋና አስቀድሞ በተመዘገበው የግቢው ፖሊስ ቁጥር ይደወል። የግቢ ፖሊስ ገንዘብ በስልክ አይጠይቅም፣ በስጦታ ካርድማ ጭራሽ።