ለፊልም ሰብሳቢ ፊልም ስትመርጡ መጀመሪያ ዲስኩን እዩ

የእህቴ ባል ፊልም ይሰበስባል። ያያል አላልኩም፤ ይሰበስባል። ሜሪላንድ ያለው ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ግድግዳ ከዲቪዲ የጠራ ምስል ባላቸው ብሉሬይና 4ኬ በሚባሉ ዲስኮች ተሞልቷል። ማርቭል በወጣበት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ ሙሉው አለ። ጆን ዊክ አለ፣ ቦርን አለ፣ ሚሽን ኢምፖሲብል አለ። አንዳንዱ ፊልም ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ተራው፣ ሌላው ባለብረት ሽፋኑ። ባለብረቱ ከነላስቲኩ ይቀመጣል እንጂ አይከፈትም። ለምን ብሎ የጠየቀ እንግዳ ረጅም ማብራሪያ ይጠብቀዋል።

እዚያ ግድግዳ ላይ ከእንግሊዝኛ ውጭ የሚናገር አንድም ፊልም አልነበረም። ለኛ ለሐበሾች ሆሊውድም የውጭ ነው፤ እሱ ግን እንደዚያ አያየውም። ጥቁርና ነጭማ ለሱ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የድሮና የውጭ ፊልም ካገኘሁ እንቅልፌን የምረሳ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን ግድግዳ ካላስፋሁት ብዬ ተነሳሁ። ተሳክቶልኛል፤ እኮራበታለሁም። መሃል ላይ የገጠመኝን ጣጣ ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

በመጀመሪያ፣ የባለሙያ ዝርዝር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየ10 ዓመቱ ሐያስያንን ጠይቆ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ያወጣል። በ2022 አንደኛ የወጣው የቤልጂየሟ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» ነው። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ባሏ የሞተባት ሴት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ዕቃ ስታጥብ እናያለን። ድንቅ ፊልም ነው። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ለከረመ ሰው ግን ይህን ከፍቶ መስጠት ማባረር ነው። «መጀመሪያ ታላላቆቹን ይይ» የሚባለው የትምህርት ቤት ምክር ነው። ብዙ ሰው ክላሲክ ፊልም የሚጠላው በዚሁ ምክር ሳይሆን አይቀርም።

ከራሱ መደርደሪያ ጀምሩ። እሱ «ዘ ዲፓርትድ»ን ይወዳል፤ በ2006 ወጥቶ ኦስካር የወሰደውን። ይሄኮ በ2002 ከወጣው ከሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» የተወሰደ ነው አልኩት። አላመነኝም። ስልኩን አውጥቶ አጣራ። ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ ግድግዳው ላይ ነበር። ሰብሳቢ እንዲህ ነው። «ግሩም ፊልም ነው» ብትሉት ዝም ይላችኋል። «የያዝከው ጎደሎ ነው» ብትሉት ያዛል።

በዚሁ መንገድ ከክሊንት ኢስትውድ ወደ ጃፓኑ ዳይሬክተር ኩሮሳዋ ወሰድኩት። ኢስትውድ የተወነበት የ1964ቱ «ኤ ፊስትፉል ኦቭ ዶላርስ» ከኩሮሳዋ የ1961ዱ «ዮጂምቦ» ያለፈቃድ የተቀዳ ነው። ጃፓኖቹ ጠይቀው ከገቢው 15 በመቶ ተቀብለዋል። የካሳውን ታሪክ ከፊልሙ በላይ ወደደው። ይሁን፤ ዲስኩን ገዝቷል።

«እያነበብኩ ፊልም አላይም» የሚለውን ሰበብ አትቀበሉ። እሱ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ሲኒማ ቤት ገብቶ የህንድ ፊልም ሲያይ ማን ነበር የሚተረጉምለት? ዘፈኑን ሳይቀር እስከ ዛሬ በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ «ሾሌይ»ን አነሳሁበት፤ የ1975ቱን፣ ዳርሜንድራና አሚታብ ባቻን ያሉበትን። ፊቱ በራ። «ያየኸው መጨረሻ እኮ የሳንሱር ነው፤ በመጀመሪያው ታኩር ሽፍታውን ጋባርን ይገድለዋል፣ ፖሊስ መጥቶ አያስጥለውም» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሸውደውኝ ነው?» አለ።

ኦሪጅናሉን መጨረሻ የያዘ ዲስክ ፍለጋ ገባ። እግረ መንገዴን ሽፍታ ያስቸገረው መንደር ተዋጊ የሚቀጥርበት ሐሳብ ከ1954ቱ «ሰቨን ሳሙራይ» የመጣ መሆኑን ጣል አደረግሁ። 3 ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፊልም ነው፤ ግን መሃሉ ላይ ዕረፍት አለው። እዚያ ጋ አቁሙትና በማግስቱ ቀጥሉ። ፊልም በአንድ መቀመጫ ካልታየ የሚሉትን አትስሙ።

ሌላም የፊልም ሰዎች የማይወዱት ምክር አለኝ። የመጀመሪያው የውጭ ፊልም በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ካለው፣ በዚያ ይይ። ሁለተኛውን በራሱ ቋንቋ ያየዋል። ንባብ ለሚፈራ ደግሞ የ1955ቱ የፈረንሳይ ፊልም «ሪፊፊ» አለ፤ የጌጣጌጥ ሱቅ ሲዘረፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ንግግርም ሙዚቃም የለም። ጥቁርና ነጭ ለሚጠላ «12 አንግሪ ሜን» ይበቃል። 96 ደቂቃ፣ ከሞላ ጎደል አንድ ክፍል። እነዚህን በቀላሉ ተሻገርናቸው።

አሁን ወደ ንዴቱ።

ሰውዬው ትራክ ነጂ ነው። ረጅም መንገድ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊትም አገር ቤት አይሱዙ ይነዳ ነበር። ስለዚህ ለልደቱ የምሰጠው ፊልም ያለቀለት ነበር፤ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሉዞ በ1953 የሠራው «ዘ ዌጅስ ኦቭ ፊር»። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ይቃጠላል። እሳቱን ለማጥፋት ናይትሮግሊሰሪን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ትንሽ ከተናወጠ ይፈነዳል። አራት ሥራ ያጡ ሰዎች በሁለት ትራክ ጭነው በዚያ መንገድ ይሄዳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። በካንም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወስዷል። አሜሪካ ሲገባ የነዳጅ ኩባንያውን የሚነኩ ትዕይንቶች ተቆርጠውበት ነበር። ይህቺን የመጨረሻዋን ለሰብሳቢ ንገሩት፤ ደሙ ይሞቃል።

እንግሊዝ አገር የታተመ ብሉሬይ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ሽፋኑ ያምራል። ምስሉ ታድሷል። አነስተኛ መጽሐፍም አብሮት አለ። የሻጩ ማስታወቂያ «በሁሉም ማጫወቻ ይሠራል» ይላል። ከፈልኩ።

የልደቱ ቀን ቤተሰብ ተሰበሰበ፣ ክትፎው ተበላ፣ ቡናው እየተፈላ ዲስኩ ገባ። ጥቁር ስክሪን። ከዚያ ይህ ዲስክ ለዚህ ክልል አልተፈቀደም የሚል አንድ መስመር። አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ከተተው። ያው ነው። አንድ አጎታችን «ጥቁርና ነጭ ነው ብላችሁ አልነበር? ይሄ ጥቁር ብቻ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሉሬይ ዓለምን ሦስት ቦታ ይከፍላል። ኤ፦ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ። ቢ፦ አውሮፓ፣ አፍሪካ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አውስትራሊያ። ሲ፦ ህንድ፣ ቻይና፣ ሩሲያ። አንድ ኩባንያ የአንዱን አገር መብት ይገዛል፣ ሌላው የሌላውን፤ ዲስኩም በዚያው ይቆለፋል። ሁሉም ዲስክ አይቆለፍም፤ የእኔው ግን ተቆልፎ ነበር። በዲቪዲ ዘመን ክልሎቹ በቁጥር ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በክልል ቁጥር 5 ውስጥ ነበረች። አዲስ አበባ ግን ይህን ማን ያውቃል? ከሱቅ የምንገዛው ተገልብጦ የተሸጠ ዲስክ ክልልም ድንበርም አልነበረውም። ምናልባት ለዚህ ነው ማናችንም ያልጠረጠርነው።

ለሻጩ ጻፍኩ። የስክሪኑን ፎቶ ላኪ አሉኝ፤ ላክሁ። የዲስኩን ጀርባ ላኪ አሉኝ፤ ላክሁ። ከዚያ ሌላ ሠራተኛ መጣና ችግሩ ምን እንደሆነ ከሀ ጀምሬ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። አስረዳሁ። «የማጫወቻሽን ክልል ከሴቲንግ ቀይሪ» አለኝ። ይህ በድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ሪሞት ላይ ቁጥር እየመቱ የሚሠሩት ዘዴ ነው። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ተራ የብሉሬይ ማጫወቻ ግን ውስጡ ካልተነካ ክልሉን አይለውጥም። ይህን ለሚሸጠው ሰው እኔ ማስተማር ነበረብኝ። «እንግዲያው ኮምፒውተር ላይ ሞክሪው» አለኝ። ዛሬ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ያለው ማን ነው?

ቀጥሎ ሦስተኛ ሰው መጣ። «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም።» ሳይከፈት አለመሥራቱ እንዴት ይታወቃል ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። መልስ ሲጠፋ ያለትሕትና ጠየቅሁ። በስንት ጭቅጭቅ «እሺ፣ በራስሽ ወጪ ወደ እንግሊዝ መልሺው» ተባልኩ። የፖስታውን ዋጋ ሳጠያይቅ ከዲስኩ ይበልጣል። የናንተ ማስታወቂያ ነው ያሳሳተኝ ብዬ ገጹን ስከፍት፣ «በሁሉም ማጫወቻ ይሠራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የለም። ጠፍቷል። ይቅርታም የለም፣ ማብራሪያም የለም። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ገንዘቡ አይደለም፤ ያቺ የጠፋች ዓረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ከውጭ ዲስክ ስታዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የማስታወቂያውን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ። ከዲስኩ ጀርባ የፊደል ምልክቷን እዩ። የሻጩን ቃል ደግሞ እንዳልሰማ እለፉት፤ ዲስኩ የሌሎች ሰብሳቢዎች ማጫወቻ ላይ መሥራት አለመሥራቱን ፈልጉ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሌላ ነበር። የተመከረው ሰው ዲስኩን ከነሽፋኑ መደርደሪያው ላይ አቆመው። ቤት በገባሁ ቁጥር እየጠቆመ «የውጭ ፊልም አላይም አልኩሽ፤ ይኸው አላየሁም» ይለኝ ነበር። ብዙ ወር የለፋሁበት በአንድ ጥቁር ስክሪን ሊፈርስ ነበር።

መፍትሔው ሁሉንም ክልል የሚያጫውት ማጫወቻ ነው። ውስጡን አስተካክለው የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ከተራው ይወደዳል፣ አምራቾቹም የተነካ ማሽን ዋስትና የለውም ይላሉ። ይበሉ። ሰብሳቢ ከሆናችሁ ግዙ። ካልሆናችሁ ተዉት፤ የአሜሪካውን እትም ጠብቁ። ወይም 4ኬ ያለውን ምረጡ፤ የ4ኬ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለበትም። አብሮት በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ብሉሬይ ግን ሊኖርበት ይችላል፤ እዚያም ተጠንቀቁ። የአውሮፓ ዲቪዲ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ትንሽ ፈጥኖ ስለሚሄድ የ2 ሰዓቱ በ1 ሰዓት ከ55 ገደማ ያልቃል። ተቆርጧል ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

እውነተኛውን መቆረጥ ለማየት «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ»ን ውሰዱ። በ1984 አውሮፓ ውስጥ የወጣው 229 ደቂቃ ነው፤ አሜሪካ የታየው 139። አንድ ስም፣ ሁለት ፊልም። ለዚህ ነው ለሰብሳቢ የፊልም ስም ብቻ አትንገሩት የምለው። የትኛውን እትም፣ ስንት ደቂቃ የሆነውን፣ የየት አገሩን እንደሚገዛ ንገሩት። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ማጫወቻውን የገዛው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ገበያ ሙሉውን ተከፍቶለታል፤ ሁለተኛ ግድግዳ ጀምሯል። እህቴ ለጊዜው አታናግረኝም። በቅርቡ ደግሞ «የኛስ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ኃይሌ ገሪማ መጻሕፍት ቤት፣ ሳንኮፋ፣ ወሰድኩት። በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመውን «ጤዛ»ን አሳየሁት። ያለ ሰብታይትል የሚያየው የመጀመሪያው የፌስቲቫል ፊልም ነው እያለ ይቀልዳል።

ትራኮቹን ፊልም በመጨረሻ አየነው። ሾፌሮቹ የተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ወይ በጣም በዝግታ ወይ በጣም በፍጥነት ካልሄዱ መኪናው ይንቀጠቀጣል የሚሉበት ቦታ አለ። ሪሞቱን አንስቶ አቆመው። «እውነት ነው! አገር ቤት እንደዚህ ነበር የምናደርገው» አለና አይሱዙዋን እንዴት እንዳሳለፋት ያስረዳን ጀመር። ፊልሙ ቆሞ ቀረ። የበሰበሰው የእንጨት መድረክ ላይ መኪናውን ሲያዞሩ ደግሞ ሾፌሩን ሰደበው።

በማግስቱ ዊልያም ፍሪድኪን በ1977 ከዚያው ታሪክ የሠራውን «ሶርሰረር» አዘዘ። ስታር ዋርስ በወጣ በወሩ ወጥቶ ሰው ሳያየው ያለፈ ፊልም ነው። የገመዱ ድልድይ ጉድ ያሰኛል፣ አልክድም። እሱ አሁን ከመጀመሪያው ይበልጣል እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራል። አይበልጥም።