ስቴት ኮሌጅ ለአንድ ሌሊት፦ አርቪ ፓርክ እንዴት መረጥኩ

ልጃችን ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፔንስልቬኒያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል ከተማ ያለውን ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን በዓይኔ ሳላየው ፎርም አልሞላም አለች። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያስነዳ በቤት መኪና ደርሶ መልስ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር፣ እናቴ ባትኖር። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ «የልጅ ልጄ የምትማርበትን አገር ሳላይማ አልመለስም» ብላ ቁርጡን ነገረችን። ጉልበቷ ረጅም መቀመጥ አይወድም፤ መጸዳጃ ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋታል። ጉብኝቱ የተያዘው ደግሞ ለዓርብ ነው፣ ጾም። የሆቴል ቁርስ እንቁላልና ቋሊማ ምን ይሠራላታል? እንግዲህ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው 28 ጫማ አርቪ (የሚነዳ የመኪና ቤት) ተከራየሁ፤ የሚያድረው አርቪ ፓርክ ውስጥ ነው፣ ማቆሚያ ቦታ ከውሃና ኤሌክትሪክ ጋር የሚያከራይ ግቢ፤ ባለቤቴ የቤታችንን መኪና ይዛ ከኋላ ተከተለችኝ። ሁለት መኪና ለምን እንዳስፈለገ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰዓቱን ሁሉ እዚህ እንደምንቆጥረው ነው የምጽፈው፤ ከጠዋቱ 11 ስል ረፋዱ አምስት ሰዓት ማለቴ ነው።

ካርታ ከመክፈቴ በፊት ያየሁት የዩኒቨርሲቲውን የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮግራም ነው። ተመልካች ሆኜ አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስቴት ኮሌጅ 40,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ቢቨር ስታዲየም ግን ከ106,000 በላይ ሰው ይይዛል። በአሜሪካ ከሚሺጋን ስታዲየም ቀጥሎ ትልቁ ነው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ከተማዋ ላይ ከሕዝቧ እጥፍ በላይ እንግዳ ይወርድባታል፤ ብዙው ደግሞ አርቪውን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ገና ከሐሙስ ጀምሮ። በእነዚያ ቀናት አንድ ሌሊት ብቻ የሚያከራይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካልያዛችሁ አይቀበሏችሁም። ያው ቦታ፣ ያው ሶኬት፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ኦገስት ላይ ተማሪ ዶርም ሲገባ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ ሲመረቁ፣ ጁላይ ላይም የሥነ ጥበብ ፌስቲቫሉ ሲደረግ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እኔ ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ የሚጫወትበትን የኦክቶበር ሳምንት መረጥኩ፤ ቦታ እንደ ልብ ነበር። የኮሌጅ ከተማ ላይ ማደሪያ የምትፈልጉ ሰዎች፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ የትምህርት ቤቱን ካላንደር አትርሱ።

ቀጥሎ ያሰብኩት ሌሊቱን ሳይሆን ማግስቱን ነው። ጉብኝቱ ከጠዋቱ 10 ይጀምራል፤ ገለጻውና የእግር ጉዞው ተደምሮ እኩለ ቀን ያልፋል። የአብዛኛው ፓርክ መውጫ ሰዓት ደግሞ 11 ነው። ታዲያ በዚያ መሃል አርቪውን የት ላደርገው ነው? ግቢው ውስጥ ይዤው ልገባ አልችልም፤ ከተማው መሃል ያሉት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው ቦታ የሚለካው በቤት መኪና ልክ ነው። እንግዲህ አርቪው ፓርኩ ውስጥ ይቀራል፣ እኛ በባለቤቴ መኪና እንሄዳለን። ስልክ ስደውል የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ዋጋ አልነበረም፤ «እስከ 3 ሰዓት ብናቆየው ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነበር። አንዱ የሌላ ሙሉ ሌሊት ሂሳብ ጠየቀኝ። ሌላዋ ሴትዮ «ሐሙስ ነው አይደል? ቦታው ባዶ ነው፣ ጥቂት ዶላር ጨምርና እስክትመለሱ ይቆይ» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ «መውጫ 11» ብሎ የተጻፈው በስልክ ይላላል፤ ፀጥ ባለ ሳምንት ከሆነ በተለይ።

መንግሥት የሚያስተዳድራቸውን ፓርኮችም ሳላይ አላለፍኩም። ብላክ ሞሻነን የሚባለው በስተምዕራብ ተራራው ላይ ነው፤ ሐይቁ ረግረጉ ውስጥ ከሚበሰብሰው ተክል የተነሳ ሻይ መስሎ ይጠቁራል፣ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ልብ ይወስዳል። ባልድ ኢግል ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግድብ ዳር ነው። የፔንስልቬኒያ ስቴት ፓርኮች ከምሽቱ 9 እስከ ጠዋቱ 8 ጸጥታ ያስከብራሉ፣ መጠጥም ክልክል ነው (ጠላና ጠጅ ይዘን እንሂድ ላላችሁ ዘመዶቼ)። ሁለት ሦስት ቀን ቢኖረን ከእነዚህ አልወጣም ነበር። ለአንድ ሌሊት ግን ከምሽቱ በጨለማ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ መውጣት፣ ጠዋት መልሶ መውረድ አልታየኝም። ኦክቶበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 6 ተኩል አካባቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት አጋዘን ከጫካ ዘሎ መንገድ መሃል የሚገተርበት አገር ነው ፔንስልቬኒያ።

ዎልማርት ግቢ በነፃ ማደርም አለ። የሚቻለው ግን የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ሲፈቅድና የከተማው ሕግ ሳይከለክል ነው። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፣ ውሃና ኤሌክትሪክ የለም። ለእናቴ አላሰብኩትም።

የቀሩት በቅርቧ ከተማ ቤልፎንት አካባቢ ያሉት የግል ፓርኮች ናቸው፤ አይ-80 እና አይ-99 የሚባሉት ሀይዌዮች የሚገናኙበት። ለአንድ ሌሊት አዳሪ ከሀይዌይ ቅርብ መሆን ይጠቅማል፤ በጣም ከቀረበ ግን የከባድ መኪና ሞተር ፍሬን ሲያጓራ ታድራላችሁ። እዚህ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍቼ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ፓርኮቹ የሚለጥፉት ፎቶ ሁሉ አበባና የመዋኛ ገንዳ ነው፤ ሳተላይቱ ግን አይዋሽም። ከላይ ሆናችሁ የውስጥ መንገዱ ስንት መኪና እንደሚያሳልፍ፣ ዛፉ የቱ ጋ ወደ መንገዱ እንዳዘነበለ፣ ቦታዎቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ታያላችሁ። አንድ ፓርክ «28 ጫማ? ያለ ምንም ችግር ትገባላችሁ» ብሎኝ ነበር፤ ካርታው ላይ ያየሁት መታጠፊያ ግን ሁለት ዛፍ መሃል የተሰነቀረ ነው። ይቅርብኝ አልኩ።

ሳተላይቱ ላይ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ከመኪና መንገድ ጋር የሚቋረጥበት ቦታ ካለ፣ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት ባቡሩ ከመድረሱ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ቀድሞ ጥሩምባ ይነፋል፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ከሌሊቱ 2 ሰዓትም ቢሆን ይነፋል። ሐዲዱ ራቅ ብሎ መታየቱ ብቻ አያሳስብም፤ መንገድ የሚያቋርጥበትን ነጥብ ፈልጉና ከዚያ እስከ ማደሪያችሁ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ አስተያየቶቹን አዲስ ከተጻፈው ጀምሮ አንብቡ። ባለ አምስት ኮከቡንና ባለ አንድ ኮከቡን እዘለዋለሁ፤ አንዱ የባለቤቱ ዘመድ ነው፣ ሌላው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የመጣ ነው። ሦስት ኮከብ የሰጡት ናቸው «ቦታው ደልዳላ ነው፣ የውሃው ግፊት ደካማ ነው፣ ባቡር ይሰማል» የሚሉት።

የቦታውን ዓይነት ስመርጥ «ፑል-ስሩ» የሚባለውን ያዝኩ፤ በአንድ በኩል ገብተው በሌላው የሚወጡበት፣ ወደ ኋላ ማርሽ የማያስፈልገው። ወደ ኋላ ማርሽ ከሚገባበት «ባክ-ኢን» ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ደክሞት በምሽት ለሚደርስ ሰው ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የመዋኛ ገንዳ፣ የልጆች ባቡር፣ የፓንኬክ ቁርስ ላለው ፓርክ ተጨማሪ አልከፈልኩም፤ ማን ሊዋኝ? የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ በቀጥታ የሚገጠምበትንም ትቼዋለሁ። ለአንድ ሌሊት የአርቪው ታንክ በቂ ነው፤ ስንወጣ በራፉ አጠገብ ባለው ዳምፕ ስቴሽን (የፍሳሽ መድፊያ) ጓንት አድርጌ ገለበጥኩት፣ መጀመሪያ የመጸዳጃውን ከዚያ የእቃ ማጠቢያውን፣ ሳሙናማው ውሃ ቱቦውን አጥቦት እንዲያልፍ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ፤ ለሐበሻ ቤተሰብ ዋናው ይሄ ይመስለኛል። ፓርኮች 30 አምፔርና 50 አምፔር ብለው በተለያየ ዋጋ ያከራያሉ። የተከራየነው አርቪ 30 ነው፤ አዳፕተር አድርጋችሁ 50 ላይ ብትሰኩትም የራሱ ብሬከር ከ30 በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ለ50 መክፈል ከንቱ ነው። 30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። እንግዲህ ደምሩ፦ እናቴ ስለሚበርዳት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት፤ የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀው 1,400 ገደማ፤ የቡና ምድጃዋ 1,000። ሦስቱ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ በጨለማ ጀበና ታቅፎ መቅረት ነው። እኔ ውሃ ማሞቂያውን ወደ ፕሮፔን ጋዝ አዞርኩት። ምድጃውን ደግሞ ውጭ አወጣሁት። የፓርኩ የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ ከትልቁ ሶኬት አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ ተራ የ20 አምፔር ሶኬት አለ፤ ይሄ ሶኬት የራሱ ብሬከር አለው፣ ከአርቪው 30 ላይ አይቀንስም። ስልክ ላይ «እሱ ሶኬት ይሠራል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሴትዮዋ ለምን እንደፈለግኩት ግራ ገብቷት ሳቀች።

አርቪ ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ አይታሰብ፤ የጭስ ጠቋሚው ወዲያው ይጮሃል። ስለዚህ ስንደርስ የእንጨቱን ጠረጴዛ ከሳጥኑ አጠጋሁት፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች፣ ብረት ምጣዱ ላይ ቡናው መንጣጣት ጀመረ። ከጎናችን ያረፉት ባልና ሚስት ከኦሃዮ ናቸው፤ ሽታው ጎትቶ አመጣቸው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እነሱ አማርኛ አይችሉም፤ አቦሉን ግን ጠጡ። ሰውየው ሲኒውን ሊመልስ ሲነሳ «ቶናው ሳይደርስ የት ይሄዳል ይሄ?» ብላ በእጇ መልሳ አስቀመጠችው። በረካውም ደረሰ። ፓርኩ ጸጥታ የሚያስከብረው ከምሽቱ 10 ጀምሮ ነው፤ ሁላችንም ከዚያ በፊት ገባን።

መንገዱን በተመለከተ አንድ ነገር። እኛ የሄድነው በፍሬድሪክ አድርገን መንገድ 15ን እስከ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ 322ን ይዘን የጁኒያታን ወንዝ ተከትለን ነው። ከሉዊስታውን በኋላ ሰቨን ማውንቴንስ የሚባለው አቀበት አለ፤ ስትመለሱ ቁልቁለት ይሆናል፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ እንጂ ፍሬኑን ረግጣችሁ አታሙቁት። የስልክ ካርታ የአርቪውን ቁመት አያውቅም። መሪው አጠገብ የተለጠፈውን ቁመት አንብቡ፣ ከድልድዩ ምልክት ጋር አስተያዩ።

ጠዋት እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ ሽሮዋን በላች፣ በባለቤቴ መኪና በሩብ ሰዓት ግቢው ደረስን። እናቴ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀር ልጅቷ ከጎብኚዎቹ ጋር ዞረች። ከቀኑ 2 አካባቢ ተመልሰን ምሳ አርቪው ውስጥ በልተን፣ ታንኩን ደፍተን ከ3 በፊት ወጣን።

ከኖቬምበር በኋላ ለምታስቡ፦ በዚያ አካባቢ ብርዱ ቱቦ ስለሚያፈነዳ ብዙ ፓርኮች ውሃ ይቆርጣሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ ስፕሪንግ ጭራሽ ይዘጋሉ። ክፍት ነን የሚለውም ቢሆን ኤሌክትሪክ ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ደውላችሁ ውሃው መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ፤ ተዘግቶ ከሆነ የአርቪውን ታንክ ከቤታችሁ ሞልታችሁ ውጡ፣ የሚከራያችሁ ድርጅትም በብርድ ወቅት ውሃ ሞልቶ መንዳት ይፈቅድ እንደሆነ ውሉ ላይ እዩ።