ጣቴን አያውቀውም

ጅማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መዋያ እሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት አዛውንቶቹን በታብሌት የማስታወስ ጨዋታ አጫውታቸዋለሁ። የተደፉ ካርዶች አሉ፤ ሲነኩ ሥዕል ያሳዩና ተመልሰው ይደፋሉ። ሥራው ጥንዱን ማግኘት ነው። ሰዓት ይቆጥራል፣ ውጤቱን ቅጽ ላይ እሞላለሁ።

ዕድሜ ልካቸውን በርጩማ ሲጠርቡ የኖሩ አንድ አባባ ነበሩ። ለ3 ሳምንት ውጤታቸው ከሁሉም ያነሰ ሆነ። «የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ለልጃቸውም ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ አሁንም ይታየኛል።

በ4ኛው ሳምንት አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እስከዚያ ቀን ከፊታቸው ቆሜ ነበር የማያቸው። ካርዱን ነኩት፤ ዝም። ጫን አደረጉት፤ ዝም። ጣታቸውን ገልብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ ጣቴን አያውቀውም» አሉኝ።

እጃቸውን ያዝኩት። የጣታቸው ጫፍ እንደ ቀንድ ደርቋል። መጥረቢያና መሮ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው። የታብሌት ስክሪን ጣትን የሚለየው በጫና አይደለም፤ ቆዳ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። እንዲህ የደረቀና የጠነከረ ቆዳ ደግሞ እንደ ልብ አያስተላልፍም። ሰውየው ይጫናሉ፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ እኔ እጽፋለሁ።

«በቃ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልንካልዎት» አልኳቸው። «ከላይ ሦስተኛዋ። አሁን ከታች የዳር።» 8ቱንም ጥንድ ጨረሱት።

ከሰዓት ገበጣ አወጣን፤ ባለ 12 ጉድጓዱን። አባባ ጠጠር ከማንሳታቸው በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ በዓይናቸው ዞረው ይመለሳሉ። ሁለቴ አሸነፉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። አንዲት እማማ ለካ የምለውን አይሰሙኝም ነበር፤ በተለይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት፣ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 የመርሳት ሕመም አጋላጭ ምክንያቶች ውስጥ የመስማትና የማየት ችግርን ቆጥሯል። እኔ ግን ጨዋታውን የምከፍተው ጆሮና ዓይን ሳልጠይቅ ነበር። ጨዋታውን አልተውኩትም፤ እወደዋለሁ፣ እነሱም ይወዱታል። ቅጹ ላይ ግን ከውጤቱ በፊት የሚሞላ ቦታ ጨመርኩ፦ ያያሉ? ይሰማሉ? ስክሪኑ ይታዘዛቸዋል?

ማታ ለአባባ ልጅ ደወልኩላት። ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«አባዬ እኮ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር» አለችኝ፤ «አላመንኩትም።»