እሾህ የሌለው አጋም

ልጅ ሆኜ አያቴ ዘንድ ስከርም አንዲት ማስጠንቀቂያ ነበረች። «እሾኹን ሳታይ እንዳትለቅም!» አጋም ማለቷ ነው። ከቤቷ ጀርባ ባለው ዳገት አጋምና መረንዝ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ሁለቱም ቁጥቋጦ ናቸው። የሁለቱም አበባ ነጭ ሆኖ ሮዝ ጣል ያደርግበታል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። የሁለቱም ፍሬ ሲበስል ይጠቁራል። አጋም ግን እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም። የመረንዝ ጥሬ ፍሬ ደግሞ ይገድላል።

ዛሬ ሥራዬ ዕፅዋት ነው። ባለፈው መጋቢት ጄኔቫ ድረስ የወሰደኝም ያው እሾህ የሌለው ቁጥቋጦ ነው።

ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ሐይቁን በቀኜ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጄኔቫ ስባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 እ.ኤ.አ. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉት ንግግር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የዕፅዋት አትክልቱ ስፍራ ሐይቁ ዳር ነው። የደረቁት ዕፅዋት የሚቀመጡበት ሄርባሪየምም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

እዚህ የመጣሁት ለደ ካንዶል ስብስብ ነው። ኦጉስታን ደ ካንዶል የሚባል የጄኔቫ ሰው በ1824 የዓለምን ዕፅዋት በቅደም ተከተል መግለጽ ጀመረ። ልጁ አልፎንስ ሥራውን ተረክቦ እስከ 1873 ገፋበት፤ 17 ቅጽ ወጣው። የተመለከቷቸው ናሙናዎች ከሌላው ሳይቀላቀሉ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የአንድ ተክል ሳይንሳዊ ስም የሚታሰረው በገለጻ ብቻ አይደለም፤ በአንድ የደረቀ ናሙና ላይ ነው። ባለሙያዎቹ «ታይፕ» ይሉታል። እኔ ችካል እለዋለሁ። በሬው የፈለገውን ያህል ቢዞር ገመዱ ችካሉ ላይ ነው። ከ1958 ጀምሮ አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ችካሉን የመናገር ግዴታ አለበት። የድሮዎቹ ግን ብዙ ጊዜ አይናገሩም ነበር። ስለዚህ ኋላ የመጣ ሰው ከቀሩት ናሙናዎች መካከል አንዱን መርጦ ያሳትማል። የተመረጠው «ሌክቶታይፕ» ይባላል። በሕጉ መሠረት የተደረገ የመጀመሪያው ምርጫ ይከበራል፤ እኔም የሄድኩት ሌላ ለማወጅ ሳይሆን ምርጫው በምን እንደሚቆም በዓይኔ ለማየት ነው።

አልፎንስ ደ ካንዶል ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። መረንዝን ያገኘው ከጀርመናዊው ከሺምፐር ናሙናዎች ነው። ሺምፐር በ1837 አገራችን ገባ፣ ዓድዋ ኖረ፣ እዚያው በ1878 ሞተ። የሚለቅመውን ወደ ጀርመን ይልካል፤ እዚያ ያለ ማኅበር ደግሞ እያባዛ ለየአገሩ ይሸጣል። ከናሙናዎቹ ጋር በተያያዙት ብዙ ካርዶች ላይ «ሾሎዳ» የሚል ይነበባል። የእኛው የዓድዋው ሶሎዳ ተራራ ነው። እንዲህ አንድ ቁጥር የያዙ ቅርንጫፎች በየከተማው ተበተኑ። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ከነዚህ መንትዮች የትኛው ነው ችካሉ?

ሠራተኛዋ ማህደሩን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ስትጨርስ እጅህን ታጠብ» አለችኝ። የድሮ ናሙናዎች ነቀዝ እንዳይበላቸው በሜርኩሪ መርዝ ይታከሙ ነበርና።

ገለጥኩት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቡናማ ሆነዋል፤ እንደ ቆዳ ወፍራም ናቸው። ሌላ ነገር ሳላነብ ዓይኔ ቅጠሉ ከግንዱ ወደሚወጣበት ሄደ። እሾህ ፈለግኩ። የለም። አያቴ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ በሌላ አገር ያለ መንትያ ናሙና ፎቶ ነበር። አበባው የበለጠ ያምራል። «ይሄ አይሻልም?» አልኳት። «ደ ካንዶል የቱን ነው ያየው?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። አለቀ። መልከ መልካሙ ሳይሆን ደራሲው በእጁ ይዞ የጻፈበት ነው የሚቀድመው። የላቲኑን ገለጻ አጠገቡ ዘርግቼ ቃል በቃል አመሳከርኩ። ግማሽ ቀን ሄደ፤ አልቆጨኝም።

ደ ካንዶል በ1844 መረንዝን «ካሪሳ ሺምፔሪ» አለው። ካሪሳ የአጋም ወገን ነው። አያቴ አንድ ላይ እንዳልለቅማቸው የከለከለችኝን ሁለቱን፣ እሱ አንድ ቤት አስገባቸው። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይባል የለ! በኋላ ሽቫይንፉርት የተባለ ተመራማሪ መረንዝን ከአጋም ወገን አውጥቶ ወደ ሌላ ወገን አዛወረው፤ ዛሬ «አኮካንቴራ ሺምፔሪ» ነው። ልብ በሉ፣ ሺምፔሪ የሚለው አልተለወጠም። ቤት ቢቀይርም ችካሉ ያው ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከዚህ ወገን እንጨት በ1888 ዋባይን የሚባለው የልብ መድኃኒትና መርዝ ወጥቷል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበታል። ጋማ ያላት አንዲት የአፍሪካ አይጥም ቅርፊቱን አኝካ ጠጉሯን ትቀባዋለች፤ የነከሳት ውሻ ይታመማል ወይም ይሞታል። ስሙ ከተምታታ መድኃኒቱም ማስጠንቀቂያውም ይምታታል።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። በርሊን የነበሩ ብዙ የሺምፐር ናሙናዎች በመጋቢት 1943 የአየር ድብደባ ተቃጥለዋል። በዚያ ምሽት ብቻቸውን የነበሩ ችካሎች ለዘላለም ጠፉ። መንትያ ያላቸው ተረፉ። ሺምፐር ደጋግሞ ባይለቅም ኖሮ ስንቱ የእኛ ተክል ስሙ በአየር ላይ ይቀር ነበር!

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። የ180 ዓመት መረንዝ እንዳየሁ ነገርኳት።

«እሾህ አለው?» አለችኝ።

«የለውም፣ እማዬ።»

«እጅህን ታጥበሃል?»

ታጥቤ ነበር።